ቀለበቱ ኪስ ሳይገባ ለምን ይንጠለጠላል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የማጂክ ትርኢት እሠራለሁ። ከተመልካች ቀለበት እዋስና እጄ ላይ አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ ኪሴ ውስጥ ካለው የቁልፍ መያዣ አወጣዋለሁ። መያዣው ውስጥ ክር የሚስብ፣ ቀለበቱን ክሩ ጫፍ ላይ አንጠልጥዬ ስለቀው ወደ ኪሴ የሚመልስ ሪል አለ። አሁን ቀለበቱን ስለቀው መጀመሪያ በደንብ ይፈተለካል። ወደ ኪሴ ሲቃረብ ግን ጉልበቱ ይከዳውና ከኮቴ ጫፍ ሥር ይንጠለጠላል። ክሩን ወፈር ባለ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ቀየርኩት። ዘይትም ጠብ አደረግኩበት። የተሰነጠቀውን የክር መውጫ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። አዲስ ልግዛ ወይስ ይጠገናል?»

ይጠገናል ወንድሜ። «መጀመሪያ በደንብ ይፈተለካል» ስትል ነው የነቃሁት። ሞላው ደህና ነው፤ የጠፋው የመነሻ ውጥረቱ፣ ማለትም ክሩ ገብቶ ካለቀም በኋላ ሞላው ላይ መቅረት ያለበት ውጥረት ነው። ቆሻሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ከመነሻው እየተጎተተ ይሄድ ነበር። ክሩ ላይ ቋጠሮ ቢኖር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይል ነበር። ፈጥኖ ተነስቶ መጨረሻ ላይ የሚደክም ሪል ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ውጥረቱን ነው። ክሩን ለመቀየር ስትከፍተው ደግሞ የቀረውም ውጥረት ተፈቷል፤ አንተም እንደተፈታ ገጠምከው።

ከመክፈትህ በፊት መከላከያ መነጽር አድርግ። ውስጡ ያለው ጠፍጣፋ ሞላ ክዳኑ ሲነሳ ተፈትቶ ሊወረወር ይችላል። ጠርዙ ስለት ነው፤ አንተ ደግሞ እላዩ ላይ አቀርቅረሃል። ያለ መነጽር አትንካው።

የውጥረቱን ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነውና። የሪል ሞላ ከዳር እስከ ዳር እኩል አይስብም። ክሩ ሙሉ በሙሉ በወጣበት ሰዓት ሞላው ብዙ ዙር ስለተጠመጠመ አሳሳቡ ብርቱ ነው። ክሩ በገባ ቁጥር ሞላው ይፈታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ክሩ ገብቶ ሲያልቅ ሞላውም አብሮ ተፈትቶ ካለቀ፣ መጨረሻዋ ላይ የሚስብ ነገር የለም ማለት ነው። ቀለበቱ ከኮት ጋር የሚታከከውና ወደ መያዣው አፍ የሚታጠፈው ደግሞ እዚያችው መጨረሻ ላይ ነው። ጉልበት በጣም በሚፈለግበት ቦታ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ክሩ ሙሉ በሙሉ ገብቶም ቢሆን ሞላው ጥቂት ዙር ተጠምጥሞ መቆየት አለበት። የአናጢ ሜትርን አስብ። ላሜራው ገብቶ ካለቀም በኋላ ጫፉን ትንሽ ሳብ ስታደርገው ወዲያው ይመልሰዋል። ዕረፍት ላይም የተወጠረ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ውጥረት ጥሩ ነው ተብሎ እስከ ጥግ አይጠመጠምም። ሞላህ ከላላበት ተነስቶ እስኪጨርስ 18 ዙር ይዞራል እንበል። ክሩ ተጠቅልሎ ለመግባት 12 ዙር ይፈልጋል። ትርፍህ 6 ዙር ነው። 4ቱን ለመነሻ ውጥረት ስጥ፤ 2ቱን ሳትነካ ተው። 6ቱንም ለመነሻ ካዋልካቸው፣ ክሩን እስከ ዳር በሳብክ ቁጥር ሞላው ግጥም ይላል። አንድ ቀን የውስጥ ጫፉ ከመንጠቆው ይነቀላል ወይም ይሰበራል። ክሩ ሲረዝም ደግሞ ዙሩን ይበላብሃል፤ ለውጥረት የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ከኪስህ እስከ እጅህ የሚደርስ፣ ስንዝር ያህል ትርፍ ያለው ክር ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መነጽሩን አድርገሃል? ክዳኑን በአውራ ጣትህ ጫን አድርገህ ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ ፍታ። ሞላውን ከቤቱ አታውጣ። ያን ዘይት አስወግድ። ዘይትና የኪስ ብናኝ ሲገናኙ ጭቃ ይሆናሉ። ብረቱን በአልኮል በነካ ጥጥ፣ ፕላስቲኩን በሳሙና ውኃ ጥረገውና በደንብ ይድረቅ። መሽከርከሪያው ዘንግ ላይ ትንሽ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ቀባ። ሌላ ቅባት አያስፈልገውም።

ናይለኑን ጣለው። ወፍራም ናይለን የተጠቀለለበትን ቅርጽ ይይዛል፤ ውጥረቱ ሲላላ ከመጠቅለያው ላይ ይፈናጠርና ጎን ላይ ገብቶ ይቀረቀራል። ቀጭን፣ ጥቁር፣ የተገመደ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይሻልሃል። ይህ ክር ስለሚያሟልጭ ተራ ቋጠሮ ይፈታበታል፤ ደርበህ እሰረው። ጣትህ ላይ ግን አትጠምጥመው፤ ቆዳ ይቆርጣል።

የክር መውጫው ነገር ያናድደኛል። ርካሽ ሪሎች ላይ ቀዳዳው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ክሩ እየፈገፈገ ቦይ ይቆፍርበታል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሱፐር ግሉ ሲጨመርበት ደግሞ ደርቆ ሻካራ ጠርዝ ይሠራና ክሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ሙጫውን ፋቀው። ቀዳዳውን ትንሽ አስፋና የጫማ ማሰሪያ የሚገባበት ዓይነት የብረት ቀለበት አጥብቀህ ግጠምበት። ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣን ነገር አምራቾቹ ለምን እንደሚቆጥቡ አይገባኝም።

አሁን መጠቅለያውን ያለ ክር፣ ሞላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ እየቆጠርክ በቀስታ አዙር። ሲጨርስ አታስገድደው። 2 ዙር መልስና በመርፌ ቆልፈው። ክሩን በመውጫው አስገብተህ መጠቅለያው ላይ እሰር፤ ውጭ ያለው ጫፍ ላይ ከቀዳዳው የሚበልጥ መንጠቆ ይኑር። መርፌውን ንቀልና ክሩን በእጅህ ይዘህ ቀስ እያልክ አስገባው። ለቀህ ከተውከው መንጠቆው ይገረፋል፤ መነጽሩን ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው። ክሩ ገብቶ ሲያልቅ ውጥረቱ በራሱ ይተርፋል።

በሰው ቀለበት አትሞክር። ክብደቱ የሚመሳሰል ሮንዴላ አንጠልጥልበትና ሳይሰናከል 50 ጊዜ ከገባ በኋላ ወደ ቀለበት እለፍ። ሪሉ ኪስህ ውስጥ እንዳይዞር በመርፌ ቁልፍ ያዘው፤ የክር መውጫው እጅህ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይይ። ስትለቀውም እጅህ ወደ ታች እየወረደ ይሁን። መንገዱ ያጥራል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተንጠለጠለ ሞላውን እየው። አንድ ቦታ ላይ ስብራት ያለው ሞላ በፒንሳ ቢቃና እዚያው ይበጠሳል፤ ቀይረው። ድንጋዩ ከፍ ብሎ የተሰካ ቀለበት ግን ሪሉ ምንም ያህል ቢስተካከል አትዋስ። ድንጋዩ የኮትህ ገበር ላይ ይያዛል፣ የሰውም ንብረት ይጎዳል። ለስላሳና ክብ ቀለበት ያደረገ ተመልካች ምረጥ።