«ሰዓቴ ፍጥነት ስለነገረኝ ውጤቴ ይሰረዛል?»

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂያችን ውጭ አገር በተደረገ ትሪያትሎን ዋናውን፣ ብስክሌቱንና ሩጫውን ጨርሶ «የውጭ እርዳታ ተቀብለሃል» ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። «ያሰርኩት ሰዓት ብቻ ነው። አሠልጣኜም ከዚህ ሆኖ ፍጥነቴን እያየ ያበረታታኝ ነበር። አዘጋጆቹ ጋ ስደውል እናየዋለን ስላሉኝ እየጠበቅኩ ነው። ልክሰሳቸው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሰዓቱ ብቻውን አያስጨንቅም። ፍጥነትና የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት በትሪያትሎን የተለመደ ነው። በአትሌቲክስማ ለተሰንበት ግደይ በ2020 እ.ኤ.አ. ቫሌንሲያ ላይ 5000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ስትሮጥ ከመሙ ጠርዝ የሚበሩ መብራቶች ፍጥነቱን ያሳዩ ነበር፤ ክብረ ወሰኑም ጸድቋል። መብራቱ የተፈቀደና ለሁሉም ሯጭ የሚታይ ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ «ያበረታታኝ ነበር» ያልከው ነው። በምን? በመልእክት ነው? በጆሮ ማዳመጫ? ይህን ዘለልከው፣ ጉዳዩ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሰዓቱ ያንተኑ ፍጥነት ላንተ ማሳየቱ አንድ ነገር ነው። ሌላ ሰው ከሩቅ «አሁን ቀንስ፣ አሁን ጨምር» ካለህ ግን ያ የውጭ እርዳታ ነው። እባክህ ለጠበቃህ አትደብቅ፤ ሌላው ወገን ካወጣው በኋላ እኔም ሌላም ሰው ብዙ ልንረዳህ አንችልም።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት እዚህ ነው። እኛ ሰሜን ሸዋ የድንበር ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ይገባል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ሰው ይታገሳል፣ ጥሩ ልማድ ነው። የስፖርት ይግባኝ ግን አይታገስም። ሜዳ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ሎዛን ላለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት የምትችል ከሆነ ደግሞ፣ የአዘጋጆቹ ደንብ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ውሳኔው ከደረሰህ ጀምሮ ያለህ 21 ቀን ነው። «እናየዋለን» ያለህ ሰው በጽሑፍ ካልሰጠህ ቀኑን አላቆመልህም! እውነቱ ከሱ ጋር ሆኖ በቀን ብቻ የተሸነፈ ሰው አይቻለሁ፣ ያንገበግባል። ስለዚህ ዛሬውኑ በኢሜይል ጻፍላቸው፣ በስልክ ያሉህንም እዚያው ጥቀስ።

ክሱ? ስትመዘገብ የፈረምከው ቅጽ ውል ነው። ክርክር የት እንደሚታይ ጽፎ ሊሆን ስለሚችል ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ከመሮጥህ በፊት አስተርጉመህ አንብበው።

ቅጹን፣ የውድድሩን ደንብ፣ የስረዛውን ደብዳቤ ከደረሰህ ቀን ጋር፣ የሰዓቱን መዝገብ፣ ከአሠልጣኝህ ጋር የተጻጻፍከውን ሁሉ ሰብስብ። ቢጎዳህም አንዱን እንዳታጠፋ። ይዘኸው የስፖርት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ በዚህ ሳምንት ሂድ፤ እሱ ሳያይልህ ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ ምንም አትጻፍ።