ክዳኑ የት ሄደ? የቤት ሰሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ባህር ዳር 200 ካሬ ቦታ ላይ ጂ ፕላስ 1 ልንሰራ ነው። እሱ ቲክቶክ ላይ ያየውን ነጭና ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያው ማይታይ፣ ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ቤት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። እናቴ ደሞ የስልኩን ፎቶ እያየች "ክዳኑ የት ሄደ? በረንዳ ከሌለውስ እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው?" ትላለች። ዘመናዊ ቤት እኔም ደስ ይለኛል ግን የእናቴ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ባሌ ደሞ የባህል ነገር ካበዛን ሰው ኋላ ቀር ይለናል ብሎ ይፈራል። ምን ትመክረናለህ? (ግራ የገባኝ፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ የጠየቁትን ሁለት ጥያቄ አርክቴክታችሁም መጀመሪያ ሊጠይቃችሁ ይገባ ነበር፣ እኔም በነሱ ነው ምጀምረው።

ክዳኑ የት ሄደ ላሉት፣ ሁለት ቦታ ነው ሚሄደው። አንዱ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ክዳን ማለት ነው፣ ተሞልቶ ጠፍጣፋ መሆን ነው። ሁለተኛውና እኛ ሀገር በብዛት ሚሰራው ግን ያው የምናውቀው ቆርቆሮ ይመታና ዙሪያው በብሎኬት ግንብ ይሸፈናል፣ ፓራፔት ሚሉት፣ ከመንገድ ስታዪው ቤቱ ሳጥን ይመስላል ከኋላው ግን ቆርቆሮው ተደብቆ አለ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ክዳኑ ወደ ውጭ ወጣ ባለ ቤት ላይ አሸንዳው ቢደፈን ሚረጥበው ግቢው ነው። ፓራፔት ካለ ግን አሸንዳው ግንቡ ውስጥ ከጭንቅላታችሁ በላይ ነው ሚቀረው፣ ቅጠል ሲገባበት፣ ወፍ ጎጆ ስትሰራበት፣ በረዶ ጥሎ ሲሞላው ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ኮርኒስሽ ይመለሳል። ባህር ዳር በአመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ደሞ ክረምቱ ላይ ተጠራቅሞ ነው ሚወርደው፣ ስለዚ በሐምሌ ሌሊት ባሌ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳ ይጠርጋል ካላልሽ በቀር ይሄን ነገር አስቡበት።

ሶሌታውም ቢሆን ጥሩ ነገር የለውም አልልም፣ ሮቶ ይቀመጥበታል ልብስ ይሰጣበታል ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ከታሰበም (ፎንዴሽኑ ታስቦ ከተሰራ ብቻ!) ይመቻል። ግን ውሃ ሚወርድበት ዝንባሌ ካልተሰጠውና ውሃ መከላከያው በደንብ ካልተሰራ መጀመሪያ ስንጥቅ ከዛ እርጥበት ከዛ ቀለም መላጥ ነው፣ በየአመቱ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ መፈተሽም አለበት። ኮንትራክተሩ ይሄን አይነግርሽም።

ባልሽን ሳናስከፋ ምናደርገው ደሞ አለ። ክዳኑ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ ጀርባ ይዘንበል፣ ፓራፔቱ ፊት ለፊትና ጎንና ጎን ይሁን፣ ጀርባው ግን ክፍት ሆኖ አሸንዳው ከግድግዳው ውጪ ይንጠልጠል። ከመንገድ እሱ ሚፈልገው ቤት ነው፣ ውሃው ደሞ እናትሽ ሚፈልጉት ቦታ ይወርዳል። ሮቶውን ባንኞ ቤቱ ላይ ትንሽ ሶሌታ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፣ ቆርቆሮ ተሸካሚ እንጨት ላይ ሚጫን ነገር አይደለም።

አሁን መስታወቱ። እዚ ላይ ከባልሽ ጋር ጠበቅ ማለት አለብሽ። የቤቱ ፊት ወዴት ነው ሚያየው? አልነገርሽኝም፣ ምዕራብ ከሆነ ከላይ እስከ ታች መስታወት ማለት በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰአት በኋላ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ አይቻልም ማለት ነው፣ መጋረጃ ዘግታችሁ ነው ምትውሉት፣ ታዲያ መስታወቱ ለማን ተሰራ? ባህር ዳር ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ የቀረውን ጊዜ ወደ ደቡብ ነች፣ በሁለቱም ግን ከፍ ብላ ስለምትሄድ ሰሜንና ደቡብ ያለ መስኮትን ወጣ ያለ ክዳን ወይ በረንዳ በቀላሉ ይከልለዋል። የማታና የጠዋት ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትገባ ምንም ክዳን አይመልሳትም። ስለዚ ትልቁን መስታወት ሰሜን ወይ ደቡብ ስጡት፣ ምዕራቡ ላይ ደረጃውን፣ ባንኞ ቤቱን፣ ቁምሳጥኑን ደርድሩበት። እነዚ የቲክቶክ ቤቶች ብዙዎቹ ሰው ፀሐይ ናፍቆት ሚኖርበት ሀገር ላይ የተሰሩ ናቸው፣ እኛ ጋ ፀሐይ ጠፍታ አታውቅም።

ድሮ የጭቃ ቤት ግድግዳው ወፈር መስኮቱ አነስ ሚለው አለማወቅ አይደለም፣ ቀን ሙቀቱን ሌሊት ቅዝቃዜውን ይከለክል ስለነበር ነው። የድሮ ቤት ገነት ነበር እያልኩ ግን አይደለም፣ ጨለማ ነበር ጭስ ነበር፣ እናቶቻችን አይናቸው የጠፋበት ቤት ነው።

ሁለተኛው የእናትሽ ጥያቄ በረንዳው ነው። ለኔ ባህላዊ ቤት ማለት ከሳር ክዳኑ ይልቅ ሰው ሚቀበልበት መንገድ ነው። ሐረር ጁገል ብትሄጂ (በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገባት) የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ ሚባል ከፍ ዝቅ እያለ የተሰራ መቀመጫ አለ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ሲሚንቶ ቤት ሲሰሩም ይቺን ክፍል ማይተው አሉ። የኛ በረንዳም እንደዛው ነው፣ ግቢም አይደል ሳሎንም አይደል፣ ጎረቤት ጫማ ሳያወልቅ አረፍ ሚልበት፣ ቡና ሚፈላበት፣ ለቅሶ ሲመጣ ወንዶቹ ሚቀመጡበት፣ ዝናብ ሲመታ ደሞ በሩንና ግድግዳውን ሚከላከል። ግን ስፋቱ ከ2 ሜትር እንዳያንስ፣ አንድ ሜትር በረንዳ ሚሰሩ አሉ፣ ረከቦትና ሶስት በርጩማ ሲቀመጥ ሰው ማለፊያ ያጣል፣ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

ያልጠየቅሽኝ ግን ልነግርሽ ሚገባ ነገር አለ፣ ኪችኑ። ባልሽ ያሳየሽ ፎቶ ላይ ኪችኑ ከሳሎን ጋር የተከፈተ ነው አይደል? አውቄዋለሁ። ቁሌት ስትቁላሊ በርበሬው ሶፋው ላይ ነው ሚያርፈው፣ ምጣዱ ሲጋል እንፋሎቱ ኮርኒሱ ላይ ነው። ስንት ቤት ነው ያየሁት ሞደርን ኪችኑ ለእንግዳ ማሳያ ተቆልፎ፣ ምግቡ ጓሮ ካለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሚሰራው! ከመጀመሪያው አምናችሁ ሁለት አድርጉት፣ ውስጥ ትንሽ ኪችን ለሻይና ለቁርስ፣ ከጀርባ ደሞ መስኮት በሁለት በኩል ያለው፣ የጭስ መውጫ ያለው፣ ጥሩ ሴራሚክ የተነጠፈ እውነተኛ ማድ ቤት። ምጣዱ ለብቻው ብሬከርና ወፈር ያለ ሽቦ ይሳብለት፣ ብዙ ኃይል ነው ሚበላው። ስፋቱን ከሰርቪሱ ቀንሱ እንጂ ከማድ ቤቱ አትቀንሱ።

ኋላ ቀር ይሉናል ላለው፣ ጣና ዳር ሎጅ ውስጥ የሳር ክዳን ስር ለማደር ብር ሚከፈልበት ከተማ ውስጥ እየኖረ ይሄን ሲል ትንሽ አሳቀኝ። የባህል ነገር ያልኩሽ ግን ብሎኬት ላይ ሞሰብ ስዕል መለጠፍ፣ የኮንክሪት ፎቅ አናት ላይ የቆርቆሮ ጎጆ መቆለል አይደለም፣ እሱን እኔም አልወደውም። የፊት ግድግዳውን ባካባቢያችሁ ጥቁር ድንጋይ ስሩት፣ ቀለም አይፈልግ፣ ጭቃ ቢረጨው አያስነውር፣ ከነጩና ከግራጫው ጋርም ይሄዳል፣ ባልሽ ራሱ ፎቶ አንስቶ ይለጥፈዋል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ደብረ ታቦር ላይ በእጄ ባለ ቦታ የጭቃ ቤት ሰርቼ መኖር እፈልጋለሁ፣ ልጆቼ ግን አያምርብህም፣ ብሎኬት እንስራልህ እያሉ ይቆጣሉ። ጭቃ ቤት በዚህ ዘመን ነውር ነው ወይ?

መልስ፦ ነውርስ አይደለም ጋሼ፣ 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ላለ ብርዳም ከተማ ደሞ ጥሩ የተሰራ ጭቃ ከባዶ ብሎኬት የተሻለ ይሞቅዎታል። ማዘጋጃ ቤት ለቦታዎ ምን አይነት ግንባታ እንደሚፈቅድ ግን መጀመሪያ ይጠይቁ። ጭቃ ቤት ሚሞተው ከእግሩ ነው፣ ስለዚ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ መሰረት ያድርጉለት፣ ክዳኑም ዙሪያውን ወጣ ይበል ዝናብ ግድግዳውን እንዳይገርፈው። ባህር ዛፉ ተልጦ በደንብ ይድረቅ፣ መሬት ሚገባው ጫፍ ለምስጡ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ይቦካ፣ አሁን ሰራተኛው ሲቸኩል ባንድ ቀን አቡክቶ ይመርገውና ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ልጆችዎ ታዲያ ቢያንስ በሲሚንቶ ይለሰን ማለታቸው አይቀርም፣ እሺ እንዳይሏቸው! ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አይያያዝም፣ እርጥበቱን ያፍነዋል ከዛ በትልቁ እየተቀረፈ ይወድቃል። በጭቃ ለስነው ኖራ ይቀቡት። መብራቱ፣ ባንኞ ቤቱ፣ ሴራሚኩ እንደማንኛውም ቤት ይገባል፣ ባንኞ ቤቱን ብቻ በብሎኬት ይስሩት።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው ምጽፈው። አዲስ አበባ የቤተሰቦቼ ግቢ ውስጥ ለቡና መጠጫ የሳር ጎጆ ላሰራ ነው፣ እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳሩን ተይው። ገጠር ያለው ጎጆ እድሜ ሚያገኘው ውስጡ ዘወትር እሳት ስለሚነድ ነው፣ ጭሱ ሳሩን ያደርቀዋል ተባይም ያባርራል፣ ያንቺ ደሞ አመት ሙሉ ተዘግቶ ስትመጪ ብቻ ነው ሚከፈተው፣ ይበሰብሳል። የከሰል ፍንጣሪና የጎረቤት ቆርቆሮ ተጠጋግቶ ባለበት ከተማ እሳቱም ያስፈራል። ክቡን ቅርጽ ያዢው፣ ክዳኑን ቆርቆሮ አድርጊና ከስር በቀርከሃ ኮርኒስ ሸፍኚው፣ ቁጭ ብለሽ ቀና ስትዪ ሚታይሽ ቀርከሃው ነው። ሶፋ ደሞ እንዳትገዢ፣ ክብ ግድግዳ ላይ አይገጥምም፣ ዙሪያውን መደብ አሰሪበት።