«በ»ን ሁሌ «ኢን» አትበለው

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ከደብረ ብርሃን። ግራመር ብዙም አይከብደኝም፣ ፕሪፖዚሽን (መስተዋድድ) ላይ ግን ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ ሁሉም ይምታታብኛል። «በባስ መጣሁ» ለማለት «አይ ኬም ኢን ባስ» ብዬ ጽፌ ኤክስ ሆነብኝ። ሁሉንም በቃሌ ልያዝ ወይስ ህግ አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝርዝሩን በቃል መያዙን ተወው፣ አያልቅልህም። የሚያስቸግርህ የኛው «በ» ነው። በባስ፣ በቢላ፣ በእሁድ ቀን፣ በደብረ ብርሃን እያልን በአንድ ፊደል ሁሉንም እንጨርሳለን፣ እንግሊዝኛው ግን ባይ ባስ፣ ዊዝ ኤ ናይፍ፣ ኦን ሰንዴይ፣ ኢን ደብረ ብርሃን እያለ ይበታትነዋል።

እስቲ የራስህን ከተማ ውሰድ። እዛ ስለምትኖር «አይ ሊቭ ኢን ደብረ ብርሃን» ትላለህ፣ ከተማዋ ውስጧ ይዛሃለቻ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ያህል ወጥተህ በደሴ መንገድ ላይ ስለምትገኝ ደግሞ «ደብረ ብርሃን ኢዝ ኦን ዘ ሮድ ቱ ደሴ» ነው፣ መንገድ መስመር ነው፣ መስመርና ገጽ ኦን ይወስዳሉ። የደሴ ባስ ለምሳ ሲቆምስ? «ዘ ባስ ስቶፕስ አት ደብረ ብርሃን»፣ ምክንያቱም ለተጓዡ ከተማዋ ካርታ ላይ እንዳለች አንዲት ነጥብ ናት። አየህ፣ ያው አንድ ከተማ ናት፣ የሚለወጠው አንተ እንዴት እንዳየሃት ነው፣ እኔ ይሄን መምህራን መጀመሪያ ቀን ቢያስተምሩት ደስ ይለኛል።

ወደ ባስህ ስንመጣ፣ በምን እንደመጣህ ብቻ ከሆነ የምትናገረው «ባይ ባስ» ነው፣ «ኤ»ም ሆነ «ዘ» አይገባበትም። «በአባቴ መኪና» ካልክ ግን የማን መኪና እንደሆነ ስለገለጽክ ባይ ይቀርና «ኢን ማይ ፋዘርስ ካር» ይሆናል። እንዲህ ባይ ሲቀር፣ ቆመህ የምትንቀሳቀስበት ባስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን ኦን ነው፣ ጎንበስ ብለህ ገብተህ የምትቀመጥበት መኪናና ታክሲ ኢን። ፈረስና ሞተር ከላይ ስለምትቀመጥ ኦን ነው፣ እሱ አያከራክርም።

ሰዓት ላይ ቀላል ነው፦ ለሰዓት አት፣ ለቀን ኦን፣ ለወርና ለዓመት ኢን። የአድዋ ጦርነት ኢን 1896 ነው (በፈረንጅ)፣ ቀኑን ከጨመርክ ግን ኦን ማርች 1። ማታ «አት ናይት»፣ ጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» መሆኑን ብቻ እንዲሁ ያዘው፣ ደግሞ የእሁድ ጠዋት ካልክ ቀኑ ያሸንፍና «ኦን ሰንዴይ ሞርኒንግ» ይሆናል።

ቨርቦችንና አድጀክቲቮችን ግን ከነፕሪፖዚሽናቸው ደብተርህ ላይ ጻፍ፣ ዲፔንድ ኦን፣ ጉድ አት፣ ኢንተረስትድ ኢን፣ ማሪድ ቱ እያልክ። ጭራሽ ፕሪፖዚሽን የማይፈልጉ ቨርቦችም አሉ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል ብዙ ተማሪ ዲስከስ አባውት ይላል፣ ስህተት ነው፣ ዲስከስ ብቻውን ይበቃዋል። ኢንተርም «ክፍል ገባሁ» ስትል ቱ አይፈልግም። ደብረ ሲና ስትደርስም «አይ ሪችድ ደብረ ሲና» በል፣ አራይቭ ካልክ ግን ኢን አስገባበት።