አባባን ሞተር ውድድር ልውሰዳቸው ወይስ ይቅር?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፤

ማንችስተር ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ አዲስ አበባ ከታናሽ እህቴ ጋር ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የክትባት ሠራተኛ ነበሩ። ጎጃም ውስጥ በያማሃ ሞተር ሳይክል፣ የክትባቱን በረዶ ሳጥን ከኋላቸው በጎማ ጠፍረው፣ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ነው ያሳደጉን። ከቤታችን በላይ ካለው ቁልቁለት ሲደርሱ ማርሽ ይቀንሳሉ፤ ያቺን ድምፅ ስትሰማ እናቴ ሽሮዋን ትጥድ ነበር።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከድሮ የውጭ መጽሔት የተቆረጠ ፎቶ አለ። ቀይ ሞተር ላይ ያጎነበሰ ጣሊያናዊ ነው። «አጎስቲኒ ይባላል፤ ባሕር መሃል ያለች ደሴት ላይ፣ ተራራ ዞረው የሚወዳደሩበት አገር አለ» ይሉን ነበር። ደሴቲቱ አይል ኦፍ ማን መሆኗን፣ ውድድሩም ቲቲ መባሉን ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ለካ ከእኔ ቤት ይህን ያህል ቅርብ ናት።

በመጪው ሚያዝያ ቪዛ ካገኙ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ሐሳቤ ምንም ሳልነግራቸው መርከብ ላይ አሳፍሬ እዚያ ላደርሳቸው ነው። ባለቤቴ ግን «ሰው የሚሞትበትን ነገር ለሽማግሌ ታሳያለሽ?» ብሎ ተቃወመኝ። እኔንም ሐሳብ ገባኝ። ምክንያቱም አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ጓደኛቸውን አንድ ክረምት ከነሞተራቸው ወንዝ ወስዷቸዋል። አባባ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አውርተውን አያውቁም። ጉልበታቸውም ያማቸዋል፤ ጾምም አይሽሩም። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድም ውድድር አይቼ አላውቅም። ልውሰዳቸው? ከወሰድኳቸውስ ከምን ልጀምር?

መ.፣ ከማንችስተር

መልስ

እህቴ፣ ውሰጃቸው። ሳትነግሪያቸው ግን አይሁን።

ከፎቶው ልጀምር። ጃኮሞ አጎስቲኒ በዚያች ደሴት 10 ጊዜ አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1972 የአገሩ ልጅና ጓደኛው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ፣ ተራራው ላይ ዝናብና ጉም ወርዶ ሳለ፣ በውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። አጎስቲኒ ከዚያ ወዲያ ቲቲን አልወዳደርም አለ። ሌሎች ታላላቅ ተወዳዳሪዎችም እየተከተሉት ቀሩ፤ ከ1976 በኋላም ቲቲ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። አባትሽ ለዚህ ሁሉ ዘመን ግድግዳቸው ላይ ያኖሩት ሰው ራሱ «በቃኝ» ያለበት መንገድ ነው። ይህን አውቀው ሊሆን ይችላል፤ ካላወቁ ግን ሊሰሙት የሚገባው ካንቺ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ነው።

ባለቤትሽ ያለው እውነት ነው። ከ1911 ጀምሮ በዚያ የተራራ መንገድ ላይ ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። በ2022 ቲቲ ብቻ 6 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ምክንያቱን መንገዱን ስታዪ ትረጂዋለሽ። ለውድድር ተብሎ የተሠራ ሜዳ አይደለም፤ በሌላው ቀን አውቶቡስ የሚሄድበት፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፣ የመብራት ምሰሶና የሰው ቤት ደጃፍ የሆነ 60 ኪሎ ሜትር ጎዳና ነው። በዚያ ላይ ፒተር ሂክማን በ2023 አንዱን ዙር ከ17 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሶታል፤ በአማካይ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ውድድሩ ወደ ደሴቲቱ የሄደውም እንግሊዝ ውስጥ መንገድ ዘግቶ መወዳደር ስለማይፈቀድና ፍጥነቱም በ20 ማይል ስለተወሰነ ነበር። ደሴቲቱ የራሷ ፓርላማ ስላላት የራሷን ሕግ አወጣች፤ በ1907 የመጀመሪያው ቲቲ ተካሄደ።

እኔ እዚያ መንገድ ዳር በቆምኩበት ጊዜ አንድ ከሰዓት ውድድሩን የሚያስቆመው ቀይ ባንዲራ ወጣ። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ የወፍ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ የሻይ ክዳናቸውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። የዚያን ዕለት ሰው ተርፎ ነበር። ያ ዝምታ ግን አባትሽን ያለማስጠንቀቂያ እንዲያገኛቸው አልፈልግም፤ ወንዝ የወሰደው ወዳጅ አላቸውና። አያወሩትም ማለት ረስተውታል ማለት አይደለም። ስለ ሞተርና ስለ ሞት ደግሞ ከእኔም ካንቺም ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። መወሰን ያለባቸውም እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ደውዪና በግልጽ ጠይቂያቸው። «አባባ፣ አጎስቲኒ የተወዳደረበትን መንገድ ማየት ይፈልጋሉ? ሰው የሚሞትበት ውድድር ነው፤ እኛ እያለንም ሊሆን ይችላል። ምን ይላሉ?» በያቸው። «ይቅርብኝ» ካሉ ደሴቲቱ አልቀረችባቸውም። ውድድር በሌለበት ሳምንት ሂዱና መንገዱን በመኪና ሙሉውን ዙሩት። «እንሂድ» ካሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪመጡ ድረስ ያለው የስልክ ወሬ ሁሉ የጉዞው አካል ይሆናል። ድንገት ብታደርሺያቸው የሚቀርባችሁ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። የመጀመሪያው ነገር መኝታ ነው። የመግቢያ ትኬት አይደለም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት በአብዛኛው ቦታ ገንዘብ አያስከፍልም። ሆቴል ብዙዎች ከዓመት በፊት ስለሚይዙት አሁኑኑ ፈልጊ። ለአባትሽ የምመርጠው የደሴቲቱ ነዋሪዎች በውድድሩ ሰሞን ቤታቸው ውስጥ የሚያከራዩትን ክፍል ነው። ጠዋት ከባለቤቶቹ ጋር ቁርስ ይቀርባሉ፣ ወሬም ያገኛሉ። ስትነጋገሪ ምድር ቤት ያለ መኝታና መጸዳጃ ጠይቂ። የእንግሊዝ ቤት ደረጃ ቀጥ ያለና ጠባብ መሆኑን ታውቂዋለሽ፤ ለታመመ ጉልበት አይሆንም።

መኝታው እንደተገኘ መርከቡን ያዢ። ከእንግሊዙ ሄይሻም ወደብ ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ዳግላስ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ጉዞ ነው፤ ከሊቨርፑል የምትነሣው ፈጣኗ መርከብ ሦስት ሰዓት አይፈጅባትም። መኪና አትያዙ። መጀመሪያ የሚሞላው የተሽከርካሪው ቦታ ነው፤ ለእግረኛ ይቀላል። አባትሽ ባሕር ላይ ተጉዘው የማያውቁ ከሆነ የሄይሻሟ ትልቋ መርከብ ትሻላለች። ከማንችስተር አውሮፕላንም አለ፤ ግን ደሴቲቱን ከባሕር ላይ ብቅ ስትል ቢያዩዋት እመርጣለሁ።

ቪዛውን በተመለከተ፣ ደሴቲቱ የእንግሊዝ መንግሥት አካል ባትሆንም ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ጋር በጋራው የጉዞ ክልል ውስጥ ናት። የአባትሽን የቪዛ ማመልከቻ ስትሞሉ ወደዚያ እንደምትሄዱ በጉዞ ዕቅዱ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ፓስፖርታቸውንም ይዘው ይሂዱ።

ቢያንስ አራት ሌሊት እደሩ። ይህን አጥብቄ የምልሽ ተራራው ጉም ሲለብስ ውድድሩ ስለሚቆም ነው። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር መብረር ካልቻለ ማንም አይነሣም። የአገሩ ሰዎች የባሕሩ አምላክ ማናናን ካባውን ደሴቲቱ ላይ ጣለ ይላሉ። ለአንድ ቀን ብቻ ሄዶ ጉሙን አይቶ የሚመለስ ብዙ ነው።

የት እንደምትቀመጡም ልንገርሽ፤ አንዱን ቀን ዳግላስ ውስጥ መነሻው ላይ ካለው ባለ ደረጃ መቀመጫ ትኬት ግዢ። መጸዳጃ ቅርብ ነው፤ ነዳጅ ሲሞላና ጎማ ሲቀየር ይታያል። እዚህ ውድድር ላይ ሁሉም በአንድ ላይ አይነሡም። አስነሺው የአንዱን ትከሻ መታ ያደርጋል፣ ይሄዳል፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ ቀጣዩ። ስለዚህ ፊት ያለው መሪ ላይሆን ይችላል፤ ተቀናቃኙ ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ቀን ብራደን ድልድይ አጠገብ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ተቀመጡ። ሰዎቹ ሻይና ኬክ ይሸጣሉ፤ ሞተሮቹ ደግሞ ግራና ቀኝ እየተጋደሙ ሲታጠፉ ከአፍንጫሽ ሥር ነው። መንገድ ከተዘጋ በኋላ ወደፈለጉበት መሻገር ስለማይቻል ምግባችሁን፣ መድኃኒታቸውንና ጃንጥላ ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ውድድር በሌለበት ቀን ከዳግላስ በኤሌክትሪክ ባቡር ላክሲ፣ ከዚያ በተራራው ባቡር ወደ ስኔፌል ተራራ ውጡ። መሃል ላይ ባንጋሎ የሚባል ጣቢያ አለ፤ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ጆይ ደንሎፕ ሐውልቱ እዚያ ቆሟል። ይህን ሰው ለአባትሽ ሳትነግሪያቸው እንዳትቀሪ። የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው፤ ቲቲን 26 ጊዜ አሸንፏል። ውድድር በሌለ ጊዜ ቫኑን ምግብና ልብስ ጭኖ ብቻውን እየነዳ ሮማኒያና ቦስኒያ ድረስ ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናት ያደርስ ነበር። በ2000 ኢስቶኒያ ውስጥ ሲወዳደር ሞተ። በ2024 የድሎቹን ቁጥር ያለፈው የወንድሙ ልጅ ማይክል ነው፤ እሱም አባቱን በ2008፣ ወንድሙን በ2018 በሞተር ውድድር አጥቷል። የክትባት ሳጥን በሞተር ላይ ጠፍረው ሲዞሩ የኖሩ ሰው እዚያ ሐውልት ፊት ሲቆሙ ምን እንደሚሉ መስማት እወድ ነበር።

ጾሙ አያስቸግርም። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት ውስጥ ይውላል። ጰራቅሊጦስ የሚውልበትን ቀን እዪና ከዚያ በፊት ያሉትን ቀናት ምረጪ፤ ያ ካልሆነ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ በሶና ቆሎ ያዙ። ድንች ጥብስ ስትገዢም በምን እንደተጠበሰ ጠይቂ፤ የበሬ ስብ የሚጠቀሙ ቤቶች አሉ። ለግንቦት መኝታ ከጠፋ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ በፈረንጆች ኦገስት መጨረሻ የሚካሄድ የማንክስ ግራንድ ፕሪ አለ። ሰዉ ይቀንሳል፤ የመጨረሻዎቹ ቀናትም ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ናቸው።

ጋቢያቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው ይምጡ፤ የዚያ ተራራ ነፋስ በግንቦትም አጥንት ይገባል። አንቺ ደግሞ የጆሮ መድፈኛና አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ግዢ። ማንክስ ሬዲዮ ውድድሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያስተላልፋል። አንድ ተወዳዳሪ ፊታችሁ አልፎ እስኪመለስ 17 ደቂቃ ያህል ነው፤ በዚያ መሃል የት እንደደረሰ የሚነግራችሁ ሬዲዮው ነው። እንግሊዝኛው ቢያስቸግራቸው አንቺ የቦታውን ስምና ሰዓቱን ንገሪያቸው፤ እሳቸው በማስታወሻ ደብተር ይጻፉት። እየቀረበ ሲመጣ ግን ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።