ከስቱዲዮ ወደ ሠርግ ዳስ

ጠያቂያችን በአዲስ አበባ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ 14 ዓመት ሠርተዋል፤ መጀመሪያ በካሜራ ባለሙያነት፣ ኋላም በምስል አቀናባሪነት። አሁን እናታቸውን ለማስታመም ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ጅማ ተመልሰዋል። እጃቸው ላይ አንድ ካሜራና መጠነኛ ቁጠባ አለ። የሠርግ ቪዲዮ ሥራ ለመጀመር ቢያስቡም የቀድሞ ባልደረቦቻቸው «ከዜና ወደ ሠርግ ወረድሽ» አሏቸው። «በቁጠባዬ ድሮን ልግዛበት ወይስ ስቱዲዮ ልከራይበት?» ሲሉ ጠይቀውኛል።

እህቴ፣ ድሮኑም ስቱዲዮውም ይቆዩ። ድሮን በአገራችን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ የአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያም ለከተማው ቅርብ ነው። ሠርግ ደግሞ በዳስ፣ በአዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የሚደገስ እንጂ ወደ ስቱዲዮ የሚመጣ አይደለም። ለቅንብሩ ከቤትዎ አንድ ክፍል ይበቃል፤ እናትዎንም ከአጠገባቸው ሳይርቁ ያስታምማሉ።

«ወረድሽ» ለሚለው መልሴ የራሴ ሠርግ ነው። ቀራጩ ምስሉን አሳምሮ ሠራልን። ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈን ጭኖበት ስለነበር አባቴ ቆመው ሲመርቁን አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴ ቪዲዮውን ባየች ቁጥር «ድምጹን አውጡልኝ» ትለን ነበር። የሚወጣ ድምጽ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለድምጽ ያውሉት። አንድ ትንሽ ማይክሮፎን ሙሽራው ልብስ ላይ ይሁን፣ አንድ የድምጽ መቅጃ ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት አጠገብ ይቀመጥ። በጣቢያው የድምጽ ባለሙያ ከጎንዎ ነበር፤ መግለጫ የሚሰጠውንም ሰው «እባክዎን ይድገሙልኝ» ማለት ይቻል ነበር። ኒካህ (የሙስሊሞች የጋብቻ ውል) ሲታሰር ግን የሙሽሪት ወሊይ፣ ማለትም እርሷን ወክሎ የሚድራት አባቷ ወይም የቅርብ ዘመዷ፣ ከሙሽራው ጋር የሚለዋወጡት ቃል በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ድገሙልኝ የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎ ማስቀመጫ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። ሁለት ካሜራ ስምንት ሰዓት ከሠራ 720 ጊጋባይት ይሆናል፤ ያውም መልሱ ሳይቆጠር። እያንዳንዱን ሠርግ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠው፣ አንዱን ዘመድ ቤት ያስቀምጡ። የጅማ እርጥበትም የአዲስ አበባ አይደለም፤ ሌንስ ይሻግታል። በደንብ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ያኑሩት።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ ጨርሶ ወዳላነሱት፣ እኔ ግን ትልቁ ሀብትዎ ነው ብዬ ወደማምነው ነገር ልምጣ። በብዙ የሙስሊም ቤተሰቦች ሠርግ ሴቶቹ የሚደሰቱት ለብቻቸው ነው። ሂናው፣ ዘፈኑ፣ ሙሽሪት ከእህቶቿና ከጓደኞቿ ጋር የምትስቀው ሳቅ ሁሉ ወንድ ቀራጭ በማይገባበት ቤት ይቀራል። እርስዎ ካሜራ ይዘው በዚያ በር መግባት ይችላሉ። በጅማ ይህን ያህል ልምድ ያላት ሴት ባለሙያ ማግኘት ለእነዚያ ቤተሰቦች ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

በሩ የሚከፈትልዎ ግን በአደራ ነው። የሴቶቹን ክፍል ራስዎ ያቀናብሩ፤ ፋይሉን ለወንድ ረዳት አይስጡ። ለሙሽሪት ወይም እርሷ ለመረጠቻት ሴት በእጅ ያስረክቡ። ከዚያ ቀረጻ አንዲት ምስል እንኳ ለማስታወቂያ አይለጥፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ እኔ ግን ሕጉ ባይኖርም ይህንኑ እመክርዎት ነበር። አንዲት ምስል ከወጣች እምነታቸውን መልሰው አያገኙትም። ሁለተኛዋን ካሜራ የምትይዝ አንዲት ወጣት ሴትም ከአሁኑ ያሠልጥኑ፤ የወንዶቹና የሴቶቹ ድግስ በአንድ ሰዓት ስለሚሆን ብቻዎን አይችሉትም።

ለተክሊል ወይም ለቁርባን ሠርግ አስቀድመው ካህናቱን ያነጋግሩ፤ የት መቆም እንደሚፈቀድ፣ መብራት ይበራ እንደሆነ ይጠይቁ። ጫማ እንደሚወልቅ ለረዳትዎም ይንገሩ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀብድም ይቀበሉ። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይህን የምነግርዎ ጥር ሲገባ ለአንድ እሁድ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ስለሚጠራዎት ነው።

የወቅቱ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ እጅ ይረጥባል፤ ጥር ይሞቃል። የኦርቶዶክስ ሠርግ ለ55 ቀናት በዐቢይ ጾም ይቆማል፣ የሙስሊሙም በረመዳን። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይገባል፤ በ2017 እና በ2018 ከዐቢይ ጾም ጋር ተደራርቦ ነበር። እንዲህ ያለው ዓመት ለእርስዎ ወራት ሙሉ ያለ ገቢ ማለት ነው። ከጥር ገንዘብ ለዚያ ጊዜ ይለዩ፤ ያደሩ ቅንብሮችንም ያን ጊዜ ይጨርሱ። የጅማ ክረምት ደግሞ ዝናቡን ያውቁታል።

ዋጋ ሲተምኑ የጎረቤትዎን ዋጋ ሳይሆን የራስዎን ቀናት ይቁጠሩ፤ ሠርጉ አንድ፣ መልሱ አንድ፣ ቅንብሩ ስድስት ሰባት። የመጀመሪያውንም ሠርግ ቢሆን በነጻ አይሥሩ። ለአክስትዎ ልጅ በነጻ ከሠሩ የአክስትዎ ጎረቤትም በዚያው ዋጋ ይጠብቃል። ዋጋውን ይቀንሱ፣ ቅናሹ ግን ውሉ ላይ ይጻፍ።

የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ሠርግ በፊት ያውጡ። ከዚያ በዚህ ሳምንት ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ይውጡና ሙሽራ የሚያስውቡ ሴቶችንና ሂና የሚቀቡትን አንድ በአንድ ያነጋግሩ። ጥር ላይ ማን እንደምትዳር ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ካሜራዎን ይዘው አይሂዱ፤ ስምዎንና የሴቶቹን ቀረጻ እንዴት እንደሚጠብቁ ብቻ ይንገሯቸው።