ሐይቅ ላይ ለለመደ እጅ፣ የባሕር ማለዳ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ሐይቅ ከተማ ተወልደህ ቀረሶና አምባዛ ስታጠምድ አድገሃል። አሁን ጅቡቲ ያለው አጎትህ በትንሽ ጀልባ፣ ከባሕሩ ዳር ሳንርቅ አንድ ማለዳ እናጠምዳለን ብሎሃል። ምን ልያዝ፣ ለእናቴስ ዓሣ ይዤላት መመለስ እችላለሁ ወይ ነው ያልከው። እኔ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ለዓመታት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ጭነት ጥበቃ ቀናት ሲፈጅብን ጓደኞቼ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔ ግን ከአንድ የዓፋር ጀልበኛ ጋር ተወዳጅቼ ነበር።

ዕቃው ይቆይ። መጀመሪያ ስለ ውሃው ልንገርህ። እስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት ጀልባህን ማለዳ ብታቆም፣ ከሰዓት በኋላም ውሃው እዚያው ነው። ባሕር እንዲህ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይብሳል። ጀልበኛው መጀመሪያ ቀን “ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ ነው?” ሲለኝ፣ ጥንቆላ መስሎኝ ሳቅሁበት።

የሳቅሁበትን የከፈልኩት ያኔውኑ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። ኮራል ድንጋይ ያለበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ መልሕቅ ጣልን። ውሃው እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ ታችኛው አሸዋ ይታያል። ዓሣው እየበላልን ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል ጀልበኛው “እንሂድ” አለ፤ እኔ “አንድ ብቻ ልጨምር” አልኩት። አንዱን ይዤ ሌላ አንድ ስጨምር የጀልባው ሆድ ከሥር ጠረቅ፣ ጠረቅ ማለት ጀመረ። ወዲያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ወርጄ ልግፋ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ ጀልበኛው ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ ዓሣ አለ፤ የጀርባው እሾህ መርዛም ነው፤ በባዶ እግር የረገጠው ሰው ሕመሙን አይችለውም። ውሃው ተመልሶ እስኪያነሳን ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅን። አንድ ጠርሙስ ውሃ ለሁለት ሰው፣ ጥላ የለ። እሱ አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ያ ዝምታው ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ስለዚህ ሶላ ያለው ጫማህን ጀልባ ላይም አታውልቅ። እሾህ ከወጋህ ቆዳህን የማያቃጥል፣ ግን የምትችለውን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ እግርህን ንከርና ሐኪም ቤት ሂድ።

ስለ ማጥመዱ ደግሞ፣ ቀረሶ ትሉን ለቀም ለቀም ሲያደርግ ጣትህ ላይ ይሰማሃል፤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሃል። ባራኩዳ የሚባለው ረጅም፣ ጥርሳም የባሕር ዓሣ ግን ጊዜ አይሰጥም። እኔ የሐይቁን ቀጭን ክር ነበር የወሰድኩት። የመጀመሪያው ሲይዝ ክሩ በሌባ ጣቴ ላይ ሮጦ ቆዳውን ሸረከተው፤ ወዲያው ደግሞ በጥርሱ በጠሰውና ሄደ። ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀጭን የብረት ሽቦ ማሰር የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ክሩን ወደ ታች የሚጎትተው እርሳስም ከበድ ይበል፤ ውሃው ስለሚጓዝ ቀላሉ እርሳስ ወደ ታች አይወርድልህም፣ ወደ ጎን ይነዳል። ክርህን ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ብትጥለው፣ እየሰመጠ ወደ ጀልባው ሥር ይመጣልሃል። ለመንጠቆው ቁራጭ ሰርዲን ይሻላል፤ ትሉን ለሐይቅ ተውለት።

የቀረው አጭር ነው። ወሩ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሆነ ይቅርብህ፤ ሙቀቱና ደረቁ ነፋስ ለሐይቅ ሰው አይሆንም። ከኅዳር እስከ የካቲት መልካም ነው። ማለዳ ወጥታችሁ ነፋሱ ሳይነሣ ተመለሱ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳትለብስ አትሳፈር፤ “ዳር ነው” የሚሉህን አትስማ። ስትመለስ መንጠቆውንም ቢላዋውንም በጨው አልባ ውሃ እጠበው። እኔ ሳላጥብ ሣጥን ውስጥ ትቼው በሚቀጥለው ጉዞ ስከፍተው ሁሉም የዛገ ሚስማር ሆኖ ጠበቀኝ።

ለእናትህ የምትወስደውን በተመለከተ፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። በረዶ በሣጥን ሞልቼ ዓሣውን ቀበርኩና ተነሣሁ። ዲኪልን ሳልፍ በረዶው ይንቀጫቀጫል፤ ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረፋ ያዝኩ፤ ሚሌ ስደርስ ውሃ ብቻ ነበር። ባቲ ላይ የመኪናውን በር ስከፍት በአጠገቤ ያለፈች ሴትዮ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓሣውን እዚያው ጣልኩት፤ ሽታው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ተጓዘ። አንተ እዚያው ጅቡቲ፣ የየመን ምግብ ቤቶች ምድጃ ውስጥ ለሁለት ተሰንጥቆ የሚጠበሰውን ከትልቁ ቂጣ ጋር ብላ። ለእናትህ ከሐይቅ ቀረሶ ግዛላት።