ባሪያ ይዘው ስለ ዳግም ልደት ሰበኩ፤ ታዲያ መነቃቃቱ ከማን ነበር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች በአብያተ ክርስቲያናት ስለተነሣው ታላቁ መነቃቃት አስተምረውን ነበር። በኋላ ሳነብ ሰባኪዎቹ ባሪያ እንደነበራቸው አየሁና አዘንኩ። ያ የእግዚአብሔር ሥራ ነበር? እኛስ እንዲህ ላለ መነቃቃት እንጸልይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። ያነበብሽው እውነት ነው፣ እኔም ያን ዕለት ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። ከመነቃቃቱ ዋና ሰባኪዎች አንዱ የሆነው መጋቢ ጆናታን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1731 ኒውፖርት ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄዶ ቬነስ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ በ80 ፓውንድ ገዛ። ሦስት ዓመት ቆይቶ እሱ በሚያገለግልባት ኖርዝሃምፕተን መነቃቃቱ ፈነዳ፤ በግማሽ ዓመት ከ300 በላይ ሰዎች ወደ ጌታ እንደመጡ ራሱ ጽፏል። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆርጅ ዊትፊልድ ደግሞ በ1740 የደቡብ ቅኝ ግዛቶችን የባሪያ ጌቶች ባሪያዎቻችሁን ከውሻ አሳንሳችሁ ትይዛላችሁ ብሎ ወቀሰ፤ ኋላ ግን ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያው ጉልበት ስለፈለገ ባርነት በአሜሪካዋ ጆርጂያ እንዲፈቀድ ራሱ ተሟገተ። ይህን አላለባብስም፤ ኃጢአት ነው።

ቢሆንም ሥራው የእግዚአብሔር ነበር ብዬ አምናለሁ። ተራው ገበሬ መጋቢውን «አንተስ ዳግም ተወልደሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ፣ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ተከፋፈሉ፣ ለመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ግብር አንከፍልም ብለው እስር ቤት የገቡ ባፕቲስቶች ነበሩ፤ ጥቁሮችና የአገሩ ተወላጆችም በጉባኤ ቆመው መመስከር ጀመሩ። ከኤድዋርድስ ቤት የተማረው ሳሙኤል ሆፕኪንስ ደግሞ በ1770 መጋቢ የሆነው የት መሰለሽ? እዚያው ቬነስ በተገዛችበት ኒውፖርት። በባሪያ ንግድ በበለጸገች ከተማ፣ በነጋዴዎቹ ፊት ንግዱን አወገዘ። እኔን የሚቆጨኝ መዘግየቱ ነው። ቬነስ ከተገዛች አርባ ዓመት!

ኤድዋርድስ በ1741 መናፍስትን መርምሩ የሚለውን 1ኛ ዮሐንስ 4ን ይዞ ሲያስተምር፣ ማልቀስና መውደቅ ብቻውን መንፈስ ቅዱስ መሥራቱንም አለመሥራቱንም አያሳይም ብሏል። ልክ ነበር፤ መመዘኛውን ግን ወደ ገዛ ጓዳው አላስገባውም። አንቺ አስገቢው። ስለ መነቃቃት ጸልዪ፣ ከልብሽ ጸልዪ፤ ከጉባኤ ስትመለሺ ደግሞ የቤት ሠራተኛሽ ደሞዟን በጊዜው አግኝታ እንደሆነ፣ እሑድ እሷም ቸርች መሄድ ትችል እንደሆነ እዪ። ሐሙስ ጸሎት ላይ ስንገናኝ ጥያቄሽን በሁሉም ፊት አንሺው፤ እኔም ያኔ የተውኩትን እነግራቸዋለሁ።